የንባብ መነጽሬ +2 ሆኖ ሳለ የ+2 የቪውፋይንደር ሌንስ ለምን አደበዘዘብኝ?

ፒያሳ35 (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 54 ሲሆን አብዛኛውን ዘመኔን በሠርግና በቤተሰብ ፎቶግራፍ ሥራ አሳልፌአለሁ። ለሥራ ኒኮን ዲ7000 እጠቀማለሁ፤ ለራሴ ደስታ ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ ያልተለየኝን ኒኮን ኤፍኤም2 ይዤ እስከ ዛሬ በፊልም አነሣለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በኤፍኤም2 ቪውፋይንደር (በካሜራው የዕይታ መስኮት) ስመለከት፣ መሐል ላይ ያለው፣ ፎከስ የሚስተካከልበት ለሁለት የተከፈለው ክብ ጠርዙ እየሟሟ ያስቸግረኛል፤ ብርሃኑ ሲቀንስ ደግሞ ይብስበታል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ቀዳዳውን እስከ 1.4 ከፍቼ ካነሣኋቸው ፊቶች ውስጥ ጆሮው ጠርቶ ዓይኑ የደበዘዘው እየበዛ መጣ።

የንባብ መነጽሬ +2 ስለሆነ፣ ከአንድ የአሮጌ ካሜራ ነጋዴ ዘንድ ኒኮን ለዚሁ ካሜራ የሠራውን፣ ቪውፋይንደሩ ላይ የሚጠመዘዘውንና «+2» ተብሎ የተጻፈበትን ትንሽ ሌንስ ገዛሁ። ስገጥመው ግን ከቀድሞውም ባሰ። ነጋዴው «0» የተጻፈበት ሌላ ሌንስም ነበረው፤ ዜሮ ከሆነ ባዶ መስታወት ነው ብዬ ተውኩት። ስሕተቴ የቱ ላይ እንደሆነ የሚያስረዳኝ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ዓይንና_ብርሃን

በሙያዬ መነጽር የማዝ ሰው ነኝ፤ ፎቶግራፍም እወዳለሁና ጥያቄዎ በሁለት በኩል ይነካኛል።

ስሕተቱ የተፈጠረው ቪውፋይንደሩን እንደ መጽሐፍ ስለቆጠሩት ነው። ካሜራው ዓይንዎ ሥር ቢለጠፍም፣ ምስሉ የሚያርፍበት ስክሪን ለዓይንዎ የሚታየው በቪውፋይንደሩ ሌንሶች አማካይነት አንድ ሜትር ያህል ርቆ እንዳለ ነገር ነው፤ በእኛ አነጋገር ካሜራው በፋብሪካ የተስተካከለው በ-1 ዳይኦፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ነው። በሃያ ዓመት ዕድሜ አንድ ሜትር ላይ ያለን ነገር ለማጥራት የዓይን ሌንስ ሳይታወቀን ጥቂት ይጎብጥልናል። ከአርባ ዓመት በኋላ ሌንሱ እየደረቀ ስለሚሄድ ይህ ችሎታ ይቀንሳል፤ በሃምሳ አራት ዓመት የቀረው በጣም ጥቂት በመሆኑ ለአንድ ሜትር እንኳ ዓይን ይታገላል፣ ከጥቂት ደቂቃም በኋላ ይዝላል። የንባብ መነጽርዎ የታዘዘው ግን ግማሽ ሜትር ለማይሞላ ርቀት ስለሆነ ኃይሉ ለቪውፋይንደሩ ይበዛበታል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስተው የቁጥሩ አጻጻፍ ነው። ኒኮን በእነዚህ ሌንሶች ላይ የሚጽፈው የሌንሱን ብቻ ሳይሆን ሌንሱና ቪውፋይንደሩ ሲደመሩ የሚሰጡትን ውጤት ነው። ስለዚህ «0» የተባለው ሌንስ በራሱ +1 ያህል ኃይል አለው፤ የካሜራውን -1 ስለሚያጣፋ ነው ዜሮ የተባለው። የእርስዎ «+2» ደግሞ በእውነቱ ወደ +3 ይጠጋል። ስለዚህ የሚጠየቀው የንባብ ቁጥርዎ ሳይሆን የሩቅ ቁጥርዎ ነው፤ ሩቁን ያለ መነጽር አጥርተው የሚያዩ ከሆነ፣ የተዉት ያ ዜሮ የእርስዎ ሌንስ ይመስለኛል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ከመንገድ ዳር የሚሸጠውን +1.00 የንባብ መነጽር ተውሰው፣ ቪውፋይንደሩ ላይ ምንም ሳይገጥሙ በዚያ መነጽር ይመልከቱ። የሚያዩት «0» የተባለው ሌንስ ከሚሰጥዎት ጋር ተመሳሳይ ነው።

ሚስማር_ፈቺ

ጋሼ፣ እኔ ካሜራ ጠጋኝ ስለሆንኩ ጥፋቱን ሁሉ በዓይንዎ ላይ ከመጫንዎ በፊት ካሜራውንም ቢፈትሹት እላለሁ። በኤፍኤም2 ውስጥ ምስሉን ወደ ቪውፋይንደሩ የሚያንጸባርቀው መስታወት ከቦታው በጥቂቱ ቢዛነፍ፣ በቪውፋይንደሩ የጠራው ፊልሙ ላይ ይደበዝዛል። ሌንሱን ማለቂያ ወደሌለው ርቀት ምልክት እስኪቆም ድረስ ያዙሩትና፣ በጣም ራቅ ያለ ምሰሶ ወይም የሕንፃ ጠርዝ በተከፈለው ክብ ውስጥ ይመልከቱ። ሁለቱ ግማሾች ሳይሰበሩ ቀጥ ብለው ከገጠሙ ካሜራው ጤነኛ ነው፤ ምስሉ ቢደበዝዝብዎ እንኳ መስመሩ መሰበር አለመሰበሩ ይታያል። ሌላው ምልክት የስሕተቱ አቅጣጫ ነው፤ መስታወት ሲዛነፍ ፎቶዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይስታሉ፣ ዓይን ሲደክም ግን አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ይሆናል።

በዲ7000 ላይ ደግሞ ከቪውፋይንደሩ አጠገብ ትንሽ ማስተካከያ አለ፤ ከ-3 እስከ +1 ይሄዳል፣ ነገር ግን ቁጥር ስላልተጻፈበት ብዙ ሰው በግምት ያዞረዋል። ካሜራውን ወደ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ ያቅኑትና የሚነሣውን ነገር ሳይሆን ስክሪኑ ላይ የተሣሉትን የፎከስ ነጥቦች ብቻ ይመልከቱ። መጀመሪያ እስኪደበዝዝ ድረስ ወደ ፕላስ ይውሰዱት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ማይነስ ይመልሱትና ገና መጥራት ሲጀምር ያቁሙ። በየመሐሉ ዓይንዎን አንሥተው ሩቅ ይመልከቱ፤ አለበለዚያ ዓይን ራሱ ታግሎ ያጠራውና ተስተካከለ ብለው ይታለላሉ።

ፒያሳ35 (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። መስመሩ በሩቅ ምሰሶ ላይ ቀጥ ብሎ ገጥሟል፤ ስለዚህ ካሜራው ነፃ ወጣ። የዓይን ምርመራ ወረቀቴን ፈልጌ ሳየው፣ ለሩቅ ቀኝ ዓይኔ 0.00 ሲሆን ግራው +0.25 ሆኖ አጠገቡ «ሲሊንደር -1.25» የሚል አለበት። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመለከተው በግራ ዓይኔ ነው። ይህ ለውጥ ያመጣል?

ዓይንና_ብርሃን

ያመጣል፤ እንዲያውም ዋናው ነገር ይህ ሊሆን ይችላል። ሲሊንደር የሚባለው አስቲግማቲዝም ነው፤ የዓይኑ የፊት ገጽ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስላልጎበጠ፣ ቋሚው መስመር ሲጠራ አግድሙ ይደበዝዛል። ክብ የሆኑት የኒኮን ሌንሶች በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚሠሩ ይህን አያርሙም። መነጽር ቤት ወስደው ሲሊንደር ያለው ሌንስ በክቡ ፍሬም ልክ ማስቆረጥ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ካሜራውን ለቁም ፎቶ ዘጠና ዲግሪ ሲያዞሩት እርማቱም አብሮ ይዞርና፣ ያጠራው የነበረውን ራሱ ያበላሸዋል። የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ደግሞ ስንቴ ካሜራውን እንደሚያቆም እርስዎ ያውቁታል።

ስለዚህ ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው በቀኝ ዓይን መመልከትን መልመድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ፣ ሌንሱ ግን ያው ዜሮው ይበቃል። ሁለተኛው ሲሊንደሩን ያካተተ የሩቅ መነጽር አድርገው በላዩ ላይ «0» የተባለውን ሌንስ መጠቀም ነው፤ መነጽሩ ከፊትዎ ጋር ስለሚቆይ ካሜራው ቢዞርም እርማቱ አይናወጥም። ባለብዙ ርቀት መነጽር ከሆነ በላይኛው ክፍል መመልከትዎን ልብ ይበሉ። በተረፈ የትኛውም ሌንስ የማያጠራው ጭጋግ ካዩ፣ ወይም ቁጥሩ በወራት ውስጥ ከተቀያየረብዎ፣ የዓይን ሞራና የስኳር ሕመም እንዲህ ስለሚያደርጉ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይቀድማል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

በመነጽር መመልከትን የመረጠ ሰው ዓይኑ ከቪውፋይንደሩ ስለሚርቅ የምስሉ ማዕዘኖች እንደሚሰወሩበት ይወቅ። እኔ በዚህ ምክንያት ከኤፍኤም2 ወደ ኒኮን ኤፍ3ኤችፒ ተሻገርኩ፤ ዓይን 25 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆም ምስሉን በሙሉ እንዲያይ ታስቦ የተሠራ ነው። ክብደቱ ይሰማል፣ ለመነጽር ለባሽ ግን ዕረፍት ነው። ላይካ ኤም የተባለውን ካሜራ ለምትጠቀሙ ደግሞ የእሱ ቪውፋይንደር የተስተካከለው በ-0.5 ስለሆነ፣ ማለትም ሁለት ሜትር ላይ እንደማየት ስለሆነ፣ ከላይ የተሰጠውን ስሌት እንዳለ አትውሰዱት።

ፒያሳ35 (ጠያቂ)

ከጎረቤቴ +1.00 መነጽር ተውሼ ሞከርኩ። በቀኝ ዓይኔ የክቡ ጠርዝና በዙሪያው ያለው ቀለበት እንደ ድሮው ቁልጭ ብለው ታዩኝ፤ በግራው ተሻሻለ እንጂ ቋሚና አግድሙ እኩል አልጠሩም። በቀኝ መልመድን መርጫለሁ፤ ለጊዜው አፍንጫዬ የካሜራውን ጀርባ እየገፋ ያስቸግረኛል። ነጋዴው ጋ ደውዬ ያ «0» ሌንስ እንዳልተሸጠ አረጋግጫለሁ፤ «ምንም የማያደርግ መስታወት ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ በ«+2»ው ሊለውጥልኝ ተስማምቷል።