የሙላቱ ኮምፒሌሽን፦ ሪማስተሩ ነው የሚለየው ወይስ ዘፈኖቹ ራሳቸው?

ማታ_ሰሚ

ሰላም የሙዚቃ ሰዎች። ስትራት የሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ በ2009 ያወጣውን የሙላቱ አስታጥቄ ስብስብ ታውቁታላችሁ አይደል፣ «ኒውዮርክ አዲስ ለንደን» የሚለውን፣ ከ1965 እስከ 1975 ያለውን (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሰሞኑን ጥሩ ሄድፎን ተውሼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። ሙላቱ እስካሁን ለኔ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ሲቀርብ ከጀርባ የሚሄድ ነገር ነበር፣ ጥሩ ነው ግን ማንም ጆሮ አይሰጠውም፣ ወሬያችንን እንቀጥላለን። አሁን ግን ባሱ አስደነገጠኝ። «ሙላቱ» የሚለውን ዘፈን ስሙት እስቲ፣ ጊታሩን «ዋ ዋ» የሚያስብለው ዋህዋሁ ሲገባ ይሄ እኮ ቁልጭ ያለ ፋንክ ነው፣ ቆሞ መስማት ራሱ ይከብዳል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንዳንዱ ዘፈን ሰፊና ጥርት ያለ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የታፈነ፣ ከጎረቤት ቤት የሚሰማ ይመስላል። ሪማስተር ያደረጉት፣ የድሮውን ቅጂ ድምፅ ያደሱት ሰዎች ደከማቸው እንዴ? ሁለተኛ፣ ከዚህ ወደ ፋንኩ የሚያደላውን መንገድ ልከተል ብል የቱን ልስማ? ዩቲዩብ ላይ ያለው ግማሹ ከካሴት የተገለበጠ ነው መሰለኝ ባስ የሚባል ነገር የለውም።

ሸክላ_ነፍሴ

እህቴ ጆሮሽ ትክክል ነው፣ ምክንያቱ ግን ሪማስተሩ አይደለም፣ ስቱዲዮው ነው። አልበሙ ዘፈኖቹን ያሰለፈው በጊዜ ቅደም ተከተል ስላልሆነ የተለያየ ከተማ ሥራ ጎን ለጎን ገብቷል። ሦስት ነገር አድርገሽ ክፈይው። መጀመሪያ በ1966 ኒውዮርክ የተቀዳው አለ፣ ሙላቱ ከቦስተኑ በርክሊ ወጥቶ ኒውዮርክ ሲገባ «ኢትዮጵያን ኩዊንቴት» ብሎ ከፖርቶ ሪኮ ልጆች ጋር የሠራው፣ ኮንጋ የበዛበት፣ «አይ ፋረም ጋሚ»ን በስፓኒሽ የሚሉበት። ያ ፋንክ አይደለም፣ የላቲን ዳንስ ነው። ቀጥሎ በ1972 እዚያው ኒውዮርክ የተቀዳው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አለ፣ አንቺን ያስደነገጠሽ ባስ ከዚህ ነው የመጣው። ሦስተኛው አዲስ አበባ የተቀዳው ነው፣ የከርሞ ሰው፣ የግሌ ትዝታ፣ እንዲሁም እነ ጥላሁንና ሙሉቀን የዘፈኑባቸው። እነዚህን ባንዱ በሙሉ አንድ ላይ እየተጫወተ በጥቂት ማይክ ነው የቀዷቸው፣ ድራሙና ባሱ አንድ ላይ ተጣብቀው ገብተዋል።

ሪማስተር የሚያደርግ ሰው ደግሞ የተቀላቀለውን አይፈታም። ድምፁን ያስተካክላል፣ ሹክሹክታውን ይቀንሳል፣ ታች ያለውን ትንሽ ያወጣል፣ በቃ። ባሱ መጀመሪያ ማይኩ ላይ ካልገባ ከየት ያምጣው? ማስተር ቴፑ፣ ማለትም የመጀመሪያው ቅጂ ከጠፋ ደግሞ ሥራው የሚጀምረው ከሸክላ ነው፣ ያኔ ጭረቱም አብሮ ይመጣል። የኛ አገር ሙዚቃ በብዛት እጣው ይሄ ነው፣ የሸክላው ዘመን ራሱ አጭር ነበር፣ አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን በ1969 ጀምሮ በ1975 አገር ለቆ ወጣ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ካሴት ዞረ።

እኔ ግን አንድ ልንገርሽ፣ የታፈነ ያልሻቸውን አትዝለያቸው። የግሌ ትዝታ ላይ ያ የተጣበቀ ነገር ነው ዘፈኑን ያከበደው።

ድራም_ብቻ

ሸክላ ያለው ልክ ነው ግን ስለ ሪማስተር ዝም ብሎ ማመስገን አይመቸኝም። ብዙ ጊዜ «ሪማስተርድ» ማለት «ጮክ አድርገነዋል» ማለት ነው፣ ዝግ ያለውንና ጮክ ያለውን አንድ ደረጃ ላይ ሲያመጡት ድራሙ መተንፈስ ያቅተዋል። ስፖቲፋይ ደግሞ ሁሉንም ዘፈን ወደ ተቀራራቢ ድምፅ ስለሚያወርደው ያ ሁሉ ጩኸት ከንቱ ነው። ስታወዳድሪ ቮልዩሙን እኩል አድርጊ፣ አለበለዚያ ጮክ ያለው ሁልጊዜ ያሸንፋል። ይሄኛው የስትራቱ ግን እውነት ለመናገር ብዙም አልተበላሸም።

ሌላው፣ ፋንክ ብቻ ነው ካልሽ ቅር ይለኛል። ሙላቱ ራሱ ኢትዮ ጃዝ ነው ያለው፣ ሐሳቡም ግልጽ ነው፣ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝታችንን፣ ትዝታ ባቲ አምባሰል አንቺ ሆዬን፣ በአስራ ሁለቱ ድምፅ ሃርመኒ ላይ ማስቀመጥ፣ ቅኝቱ ሳይፈርስ። ፋንክ የገባው ለምን መሰለሽ፣ ቢቦፕ የሚባለው ፈጣን ጃዝ ኮርዱን በየሁለት ምቱ እየቀያየረ ይሮጣል፣ አምስት ድምፅ ብቻ ይዘሽ እሱን ብትከተይ ወይ ቅኝቱን ትለቂያለሽ ወይ ትሰናከያለሽ። ፋንክ ግን አንድ ኮርድ ላይ ቁጭ ይላል፣ ባሱ ያንኑ እየደጋገመ ይሄዳል፣ ከላዩ ሳክስፎኑ አንቺ ሆዬን እንደፈለገ ይዘፍናል። ስለዚህ ፋንኩ ለጌጥ የገባ አይደለም፣ ቅኝቱ የሚያርፍበት ወለል ነው።

ናሽናል_07

እኔ ወደዚህ የገባሁት በራፕ ነው ሃሃ። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ባወጡት አልበም የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ተቆርጦ የገባው ሳምፕል የግሌ ትዝታ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ላይ ተጠቅሞበት ነው ፈረንጁ ሁሉ ያበደው፣ እሱም ያገኘው በ1998 ከወጣው ከኢትዮፒክስ፣ ከድሮ ሙዚቃችን ተከታታይ ስብስብ፣ ቁጥር 4 ነው። ስብስቡን ያዘጋጀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባይኖር ምን እንሆን ነበር።

ግን ሰዎች አንድ ነገር አስቡት፣ የሙላቱ አልበም 1972፣ የአሜሪካዊው ጃዝ ፒያኒስት የሄርቢ ሃንኮክ «ሄድ ሀንተርስ» 1973። ሙላቱ ቀድሟል!! ለምንድነው ማንም የማይናገረው?

ድራም_ብቻ

@ናሽናል_07 ተው ወንድሜ እንዲህ ያለ ውድድር ውስጥ አትግባ። ማይልስ ዴቪስ «ቢችስ ብሩ»ን በ1970 አውጥቷል፣ ሃንኮክ ራሱ ከሱ ቤት የወጣ ነው። ሙላቱም ኒውዮርክ የነበረው ይሄ ሁሉ በሚፈላበት ሰዓት ነው። ይልቅ ሁለቱን አከታትለህ ስማቸው። የሄድ ሀንተርስ «ካሜሊየን» ላይ መግቢያው ላይ ያለው ባስ ጊታር አይደለም፣ ሃንኮክ በሲንተሳይዘር ነው የሚጫወተው፣ አርፕ ኦዲሲ። ሙላቱ ጋ ግን የቫይብራፎኑ ብረት ከላይ ሲንጠባጠብ ትሰማለህ፣ ባዶ ቦታ ይበዛዋል። ሃንኮክ ይሞላል፣ ሙላቱ ይተዋል።

የድሮ_ሒልተን

ልጆች እንደምን አላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ ስታወሩ እያነበብኩ ነበር፣ ስለ ዋልያስ ባንድ ማንም ሳያነሳ ሊያልቅ ነው ብዬ ገባሁ። ማታ ሰሚ ልጄ፣ ፋንኩን ከፈለግሽ ወደ ዋልያሱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ሂጂ። ዋልያስ ባንድ ሒልተን ይጫወት በነበረበት ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር፣ ደርግ ነው፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ መንገድ ላይ መታየት አይቻልም፣ ስለዚህ የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ነው፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። እንደዚያ ሲጫወት ያደረ ባንድ እጁ ምን ያህል እንደሚፍታታ አስቢው። «ቸበለው» የሚለው አልበማቸው የ1977 ነው፣ ሙሉ በሙሉ ያለ ዘፋኝ፣ ያኔ ይሄ ድፍረት ነበር፣ ሰው ሙዚቃ የሚገዛው ለዘፋኙ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚለው ሥራቸው ያለው እዚያ ላይ ነው። ቫይብራፎን የሚጫወተው ማን መሰለሽ፣ ያው ሙላቱ ነው። በ2014 እንደገና ታትሟል።

ዋልያስ በ1981 አሜሪካ ለሾው መጥተው የተወሰኑት እዚሁ ቀሩ። ኃይሉ ዋሽንግተን ቀረ፣ ታክሲ ነዳ፣ ደለስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከኋላ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር፣ ይሄን ራሱ በየቃለ መጠይቁ ተናግሮታል። በ1985 ብቻውን አኮርዲዮን፣ ሮድስና ሙግ የሚባሉ ኪቦርዶችን አደራርቦ የሠራውን ካሴት አንድ የአሜሪካ ሰብሳቢ ባህር ዳር ሱቅ ውስጥ አገኘው፣ በ2013 ታተመ፣ ሽማግሌው እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። እኔ ካሴቱ ነበረኝ፣ ለአንዱ አበድሬው ቀረ፣ እሱም ይሄን ያነብ ይሆናል።

ማታ_ሰሚ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ካሉት ቸበለውን ሥራ ቦታ ሆኜ እየሰማሁ ነው፣ አለቃዬ ሁለቴ ዞር ብሎ አየኝ። ኦርጋኑ ምንድነው እንደዚህ የሚያደርገው?? ሙላቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ይሄ ላብ ያለበት ሙዚቃ ነው። ድራም ብቻ፣ ስለ አንድ ኮርድ ያልከውን ይዤ ሰማሁ፣ እውነትም ባሱ ንቅንቅ አይልም፣ ከላይ ያለው ነው የሚዞረው።

ሸክላ፣ የ1972ቱን ሙሉ አልበሙን የት ነው የማገኘው? ኮምፒሌሽኑ ላይ ያለው አልበቃኝም።

ሸክላ_ነፍሴ

ስትራት በ2017 እንደገና አሳትሞታል፣ ባንድካምፕም ስፖቲፋይም ላይ አለ። ካርድ ከዚህ አልሠራ ካለሽ ውጭ ያለ ዘመድ ያስገዛሽ። ስቴሪዮውም ሞኖውም ወጥቷል፣ ሰው ሞኖ ሲባል ያረጀ ነገር ይመስለዋል ግን ባሱና ድራሙ መሃል ላይ አንድ ላይ ሲመቱ ሌላ ነው። በሄድፎን ስቴሪዮውን፣ ቤት ውስጥ በአንድ ስፒከር ከሆነ ሞኖውን። ኩሉን ማን ኳለሽንም እዚያው ታገኚዋለሽ፣ የሰርጉን ዘፈን፣ ምን ልበልሽ፣ ስሚው ብቻ። ሠርግ ቤት ውስጥ እንዳትከፍቺው ግን፣ እኔ ከፍቼ አክስቴ «ይሄ ሰው መቼ ነው የሚጀምረው» ብላኛለች።

የድሮ_ሒልተን

አክስትህ ልክ ናት ሃሃ። በነገራችን ላይ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራውን «ወደ ሐረር ጉዞ»ንም አትርሱ፣ የ1978 ነው፣ ከቸበለው ዝግ ይላል፣ ለመኪና ጥሩ ነው።