ለሁለቱ 58 ከመቶ፦ የኮሌጅ ፉትቦል ገንዘብ ክፍፍል ፍትሐዊ ነው ወይ?

አወያይ፦
ከ2026 ጀምሮ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ሻምፒዮን የሚለይበት የፕሌይኦፍ ገንዘብ የሚከፋፈለው በአዲስ ቀመር ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያው ኢኤስፒኤን ለስድስት ዓመት 7.8 ቢሊዮን ዶላር ይከፍላል። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚወዳደሩት ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ተቧድነው ነው፤ ከእነዚህ ቢግ ቴን 29 ከመቶ፣ ኤስኢሲ 29 ከመቶ ይወስዳሉ። ለኤሲሲ 17 ገደማ፣ ለቢግ 12 ደግሞ 15 ገደማ ይደርሳል። ትንንሾቹ ኮንፈረንሶች ሁሉ ተደምረው 9 ከመቶ ነው የሚያገኙት። ቀድሞ አምስቱ ትልልቆች፣ ማለትም እነዚህ አራቱና ፓክ-12፣ እኩል ነበር የሚካፈሉት። ልጅ ኮሌጅ የላካችሁም፣ ቅዳሜ ከቴሌቪዥን ፊት የማትነሱም ሐሳብ ስጡበት። በሐሳብ ተከራከሩ፤ ሰው አትንኩ።

ሲያትል፦
በጭራሽ ፍትሐዊ አይደለም። ከምኖርበት ግዛት ልጀምር። ፓክ-12 ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ ያለው የምዕራብ ዳርቻ ኮንፈረንስ ነበር። በጁን 2022 የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንሄዳለን አሉ። በዓመቱ ኦገስት 4 ቀን፣ በአንድ ጀንበር አምስት ዩኒቨርሲቲዎች ወጡ፦ ዋሽንግተንና ኦሪገን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12። ኮሎራዶ ቀድሞ ሄዷል። ስታንፎርድና ካል (የበርክሊው ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ከነባሮቹ ድርሻ 30 ከመቶ ብቻ ለመቀበል ተስማምተው ኤሲሲ ገቡ። ሜዳ ላይ የቀሩት ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት ናቸው። ምን አጠፉ? ምንም። ከተሞቻቸው ፑልማንና ኮርቫሊስ ትንንሽ ናቸው፤ የቴሌቪዥን ገበያቸው ጠባብ ነው፤ በቃ።

አሁን ደግሞ ሜዳውን እዩት። በሴፕቴምበር 2024 ዋሽንግተንና ዋሽንግተን ስቴት እዚሁ ሲያትል ተገናኙ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዋሽንግተን ለማግባት አንድ ያርድ ብቻ ቀርቶት አራተኛና የመጨረሻ ሙከራው ላይ ነበር። የፑልማን ልጆች ኳስ የያዘውን ተጫዋች ወደ ጠርዝ ገፍተው አስቀሩት፤ 24 ለ 19 አሸነፉ። ቤት ውስጥ የነበርነው ሁሉ ቆመን ነበር። ታዲያ ክረምቱ ሳይወጣ የቡድኑን ማጥቃት የሚመራው ኳርተርባክ ጆን ማቲየር ወደ ኦክላሆማ፣ አሰልጣኙ ጄክ ዲከርት ወደ ዌክ ፎረስት ሄዱ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያኔ ኳርተርባክ የነበረው ካም ዋርድ ወደ ማያሚ ሄዷል። ያሸነፈው ቡድን ፈረሰ፤ የተሸነፈው ትልቁን ገንዘብ ይዞ ቀጠለ። ውድድር የሚባለው ይህ ነው?

ዳላስ፦
ጋሼ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ግን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ይታይ። ቴሌቪዥኖቹ የሚከፍሉት ለተመልካች ነው። ቴክሳስ ከኦክላሆማ፣ ኦሃዮ ስቴት ከሚሺጋን ሲጫወት አገር ሙሉ ይቀመጣል። ያንን ተመልካች ያመጣው አካል ድርሻው ቢበዛ ምን ነውር አለው? ደግሞም ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎችን ክስ ተቀብሎ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል ኤንሲኤኤ የቴሌቪዥን መብት በሞኖፖል እንዳይሸጥ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ገበያውን ይዞ ይደራደራል።

ታናናሾቹ አይነሱም ለሚለው ደግሞ የቢግ ቴኑን የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ላንሳ። በ2023 ሦስት አሸንፎ ዘጠኝ የተሸነፈ፣ በታሪኩ ሽንፈት ያበዛ ቡድን ነው። በ2025 የውድድር ዘመን አንድም ሳይሸነፍ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። እኛ ዘንድ ዳላስ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኤስኤምዩም ለዘጠኝ ዓመት የኤሲሲ የቴሌቪዥን ድርሻ አልፈልግም ብሎ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት ፕሌይኦፍ ደረሰ። በር የተዘጋበት የለም።

ቨርጂኒያ፦
የዳላሱ ወንድሜ፣ ኢንዲያናን ካነሳህ ታሪኩን ከእኛ ሰፈር ጀምረው። አሰልጣኙ ከርት ሲግኔቲ ኢንዲያና የሄደው ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ነው። ብቻውን አልሄደም፤ ከአስር በላይ ተጫዋቾቹ ተከትለውት ሄዱ። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን ልጅ የላክንበት ትምህርት ቤት ነው፤ ያለበት ከተማ ሃሪሰንበርግ ሁለት ሰዓት መንገድ ናት። በ2025 ጄምስ ማዲሰን እንደገና ተነስቶ ፕሌይኦፍ ገባ፤ ኦሪገን ሜዳ ላይ 51 ለ 34 ተሸነፈ። ገና ያ ጨዋታ ሳይደረግ አሰልጣኙ ቦብ ቼስኒ ለዩሲኤልኤ ተፈራርሞ ነበር።

ስለዚህ ኢንዲያና ያረጋገጠው በሩ ክፍት መሆኑን ሳይሆን ቢግ ቴን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከታች ያለውን ሁሉ መሰብሰብ እንደሚችል ነው። የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ሃይስማንን ያሸነፈው የኢንዲያናው ፈርናንዶ ሜንዶዛስ ከየት መጣ? ከካል፤ ጋሼ እንደጠቀሱት ከፈረሰው ኮንፈረንስ ወጥቶ ኤሲሲ ከገባው። የእኛ ሰፈር ልጆች የሠሩትን ቡድን ሌላ ስም ይዞት ዋንጫ በላ።

ዳላስ፦
ተጫዋቹ ወደሚሻለው ቢሄድ ግን ማን ይከለክለዋል? እኛ ራሳችን የተሻለ ፍለጋ አይደል ባሕር የተሻገርነው? ለዓመታት እነዚህ ልጆች በነፃ እየተጋጩ አሰልጣኙ ሚሊዮን ይቆጥር ነበር። በጁን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ባጸደቁት ስምምነት መሠረት ዩኒቨርሲቲው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾች መክፈል ይችላል። ጣሪያው ለሁሉም እኩል ነው። ይህን ፍትሕ አለማየት አይቻልም።

ሲያትል፦
ልጆቹ ይከፈላቸው፤ በዚህ ላይ ጠብ የለንም። ግን ጣሪያ መፈቀዱ ኪስ አይሞላም። ከፕሌይኦፉ ብቻ የቢግ ቴንና የኤስኢሲ አባል በዓመት ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ የትንንሾቹ ኮንፈረንሶች አባል ደግሞ ወደ 1.8 ሚሊዮን እንደሚደርሰው ነው የተዘገበው። አንዱ ጣሪያውን በፕሌይኦፍ ድርሻው ብቻ ይሸፍናል፤ ሌላው ከየት ያምጣ? ኤስኤምዩ ዘጠኝ ዓመት ያለ ድርሻ መቆየት የቻለው የዳላስ ባለሀብቶች ከኋላው ስላሉ ነው። ፑልማን ያን ማድረግ አይችልም።

ለእኛ ደግሞ ቅርብ የሆነውን ልንገራችሁ። ዋሽንግተን ስቴት በ2025 ዝላይና ውርወራን ዘግቶ፣ የአጭር ርቀት ሩጫንም ቀንሶ፣ አትሌቲክሱን በዋናነት ረጅም ርቀት ላይ አተኮረ። ምናልባት ከእኛ ሰው ‘ረጅም ርቀቱ ከተረፈልን ምን ቸገረን’ የሚል ይኖራል። እኔ አልልም። ዲስከስ እየወረወረች ትምህርቷን የምትከፍል የገበሬ ልጅ ቦታዋን ያጣችው ደካማ ሆና አይደለም።

ሎስ አንጀለስ፦
እኔ ፉትቦሉን ብዙም አልከታተል፤ የሯጭ እናት ነኝ። ልጄ ከእነዚህ ኮንፈረንስ ከቀየሩት በአንዱ ነው የምትማረው። ድሮ ሩቁ ጉዞ የአንድ ሰዓት ከምናምን በረራ ነበር። አሁን አህጉሩን አቋርጣ ትሮጣለች። ባለፈው አውሮፕላን ዘግይቶባት የኬሚስትሪ ፈተናዋን ቺካጎ ኤርፖርት ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው የሠራችው። የፉትቦል ቡድኑ በልዩ አውሮፕላን ሄዶ ማታውኑ ይመለሳል። ለእሱ ተብሎ የተፈረመው ውል እኮ ነው እሷን ከቦታ ቦታ የሚያንከራትታት። ፉትቦሉ ለብቻው ይሂድ፤ ሌላው ስፖርት ከጎረቤቱ ጋር ይቅር። ይህን ማድረግ ማንን ይጎዳል?

ለንደን፦
እህቴ ልክ ነሽ። እኛ በ2021 አይተነዋል። አሥራ ሁለት ሀብታም የአውሮፓ እግር ኳስ ክለቦች ለብቻችን ሱፐር ሊግ እንመሥርት ሲሉ የቼልሲ ደጋፊ መንገድ ዘግቶ ቆመ፤ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀን ውስጥ ሸሹ። ፕሪሚየር ሊግም ቢሆን ከአገር ውስጥ የቴሌቪዥን ገንዘቡ ግማሹን እኩል ነው የሚያካፍለው፤ ደካማው ደግሞ በነጥብ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። እናንተ ጋር ግን በነጥብ የሚወርድ የለም። የሚባረረው በሜዳ የተሸነፈው ሳይሆን በካርታ ላይ የማይመቸው ነው።

ሚኒያፖሊስ፦
ወደ መፍትሔው እንምጣ። በ1961 የወጣው የስፖርት ስርጭት ሕግ የፕሮፌሽናል ሊጎች የቴሌቪዥን መብታቸውን አንድ ላይ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። የፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊጉ ኤንኤፍኤል ብሔራዊ የቴሌቪዥን ገቢውን ለ32ቱም ቡድኖች እኩል የሚያካፍለው በዚህ ነው። ኮሌጆች ግን አልተካተቱም። የዋሽንግተኗ ሴናተር ማሪያ ካንትዌል በ2025 ባቀረቡት ረቂቅ ኮሌጆችም በጋራ መሸጥ እንዲችሉ ጠይቀዋል። ቢግ ቴንና ኤስኢሲ ሐሳቡን አልወደዱትም። እኔ የቢግ ቴን ከተማ ነው የምኖረው፤ ሚኒሶታ ድርሻው ቢቀንስም እደግፈዋለሁ፤ ምክንያቱም ነገ ‘ቢግ ቴን ውስጥም ደካማው ይውጣ’ ሲባል ተራው የእኛ ነው።

ዳላስ፦
በጋራ መሸጡ ላይ ልቤን አልዘጋም፤ ጠቅላላው ገንዘብ ያድጋል የሚለው ክርክር ጥሩ ነው። እኩል ማካፈል ግን አልቀበልም። መቶ ሺህ ሰው የሚያስገባ ስታዲየም ያለውና ሩቡን የሚሞላ እኩል አይወስዱም። የኤልኤዋን እህት ሐሳብ ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ሯጮቹን አህጉር ማሻገር ጥቅም የለውም።

ሲያትል፦
እኩል ይሁን አላልኩም፤ እንደ እንግሊዞቹ ግማሹ እኩል ይሁን፣ ቀሪው በውጤት ይከፈል። በውጤት ከተባለ ግን በውጤት ይሁን። አሁን ያለው 29 ከመቶ የተጻፈው ኳስ ሳይረገጥ ነው፤ ኤስኢሲ አንድም ዋንጫ ሳይበላ ስድስት ዓመት ቢያልፍ ድርሻው አይነካም። ወንድሜ፣ ለዚህኛው መልስህን እጠብቃለሁ።