ዘንድሮ ኦስካርን የሚወስደው «አኖራ» ነው ወይስ «ኮንክሌቭ»? የደሴና የኮምቦልቻ ተመልካቾች ግምታችሁን ጻፉልኝ

የጦሳ ሥር ተመልካች (ደሴ)፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ ከሥራ በኋላ ሻይ የምንጠጣ አምስት ጓደኛሞች ነን። በየዓመቱ የኦስካርን አሸናፊዎች በወረቀት እንገምትና ወረቀቶቹን ለሻይ ቤቱ ባለቤት በአደራ እንሰጣለን፤ ከሁሉም የበለጠ የሳተው ሰው የሁላችንንም ሒሳብ ይችላል። ባለፈው ዓመት «ኦፐንሃይመር» እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይታወቅ ስለነበር ጨዋታው ጨው የሌለው ወጥ ሆኖብን አለፈ። ዘንድሮ ግን ወረቀቴን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ።

ታኅሣሥ 27 በጎልደን ግሎብ «ዘ ብሩታሊስት» በድራማ፣ «ኤሚሊያ ፔሬዝ» በሙዚቃና ኮሜዲ ዘርፍ አሸነፉ። ጥር 15 የኦስካር እጩዎች ሲታወቁም «ኤሚሊያ ፔሬዝ» 13 እጩነት ይዞ ከሁሉም በላይ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የዋና ተዋናይዋ የቆዩ የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፎች ተቆፍረው ወጡና ነገሩ ተበላሸ። ከዚያ ተረስቶ የነበረው «አኖራ» በሁለት ቀን ውስጥ የሃያስያንን፣ የፕሮዲውሰሮች ማኅበርንና የዳይሬክተሮች ማኅበርን ሽልማት ጠቀለለ። «አለቀ» ብዬ ወረቀቴን ስጽፍ «ኮንክሌቭ» የካቲት 9 ለንደን ላይ የብሪታንያውን የፊልም ሽልማት ባፍታን፣ ትናንት ንጋት ደግሞ የአሜሪካ ተዋንያን ማኅበርን የቡድን ትወና ሽልማት ወሰደ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ለምርጥ ፊልም ከሁለቱ የትኛውን ልጻፍ? በምርጥ ተዋናይትስ ዴሚ ሙርን ነው ወይስ ሚኪ ማዲሰንን? ወረቀቱ የሚዘጋው እሑድ በዓድዋ በዓል ማታ ስለሆነ ጊዜ አለኝ፤ ሆኖም እባካችሁ «ልቤ እንዲህ ይለኛል» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ፤ ምክንያቱን ጨምሩበት።


ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፣ የካቲት 18

ወንድሜ፣ «አኖራ» ብለህ ጻፍና ተኛ። ምክንያቱን ከጠየቅህ ግን ከፊልሞቹ ጥራት በፊት የድምፅ አቆጣጠሩን ማየት ይኖርብሃል።

በሌሎቹ ዘርፎች ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። በምርጥ ፊልም ግን መራጩ አሥሩን እጩዎች ከአንደኛ እስከ አሥረኛ በቅደም ተከተል ይጽፋል። አንድ ፊልም ከግማሽ በላይ የአንደኛ ደረጃ ድምፅ ካላገኘ የመጨረሻው ፊልም ይወድቃል፤ የእርሱን ወረቀቶችም በላያቸው ሁለተኛ ለተጻፈው ያከፋፍሏቸዋል፤ እንዲህ እየተባለ አንዱ ከግማሽ እስኪያልፍ ድረስ ይቀጥላል። ከጾሙ በፊት አሥር ሆናችሁ አንድ ትሪ ምሳ ብቻ ለማዘዝ ተቀመጣችሁ እንበል። አራቱ ዱለት፣ ሦስቱ ሽሮ፣ ሁለቱ ጥብስ፣ አንዱ ፓስታ አለ። ፓስታ ወደቀ፤ ባለፓስታው ሁለተኛ ምርጫው ሽሮ ነበርና ሽሮ አራት ሆነ። ቀጥሎ ጥብስ ወደቀ፤ የሁለቱም ሁለተኛ ምርጫ ሽሮ ስለነበር ሽሮ ስድስት ሆኖ አሸነፈ። ዱለት ከሁሉ የበለጠ አፍቃሪ ይዞ ተሸነፈ፤ ስድስቱ ሰዎች አይወዱትማ።

የፕሮዲውሰሮች ማኅበርም የሚቆጥረው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የእርሱ ምርጫ «ብዙ ሰው የማይጠላው ፊልም የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከሌሎቹ ሽልማቶች ሁሉ የቀረበ መልስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 «ዘ ፓወር ኦፍ ዘ ዶግ» 12 እጩነት ይዞ ሲፎክር ማኅበሩ ሦስት እጩነት ብቻ የነበረውን «ኮዳ»ን መረጠ፤ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚም ተከተለው። ዘንድሮ ይኸው ማኅበር «አኖራ» ብሏል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያምታታል። የአካዳሚው ድምፅ መስጫ የተዘጋው የካቲት 11 ነው። የተዋንያን ማኅበር ሽልማት የተሰጠው ከዚያ በኋላ ስለሆነ የአንድም መራጭ እጅ አላወዛወዘም። በዚያ ላይ የ«ኮንክሌቭ» ዳይሬክተር ኤድዋርድ በርገር በራሱ ዘርፍ እጩ እንኳ አልሆነም፤ ሾን ቤከር ግን «አኖራ»ን ጽፎ፣ አዘጋጅቶ፣ አርትዖቱንም ራሱ ሠርቶ በሁሉም ታጭቷል።


ሸዋ በር (ደሴ)፣ የካቲት 19

የኮምቦልቻው ልጅ የሽሮና የዱለት ስሌቱ አምሮለታል፤ ነገር ግን ሽሮው «አኖራ» ነው ያለው ማን ነው? ገላዋን የምትሸጥ ሴት ታሪክ ነው፤ ግማሹ ከቤተሰብ ጋር ተቀምጦ የሚታይ አይደለም። ይህን ፊልም አንደኛ የሚያደርጉት ብዙዎች ናቸው፤ ስምንተኛ የሚያደርጉትም አይጠፉም። «ኮንክሌቭ» ግን አዲስ የሮማ ካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለመምረጥ የተዘጉ ካርዲናሎች ታሪክ ነው፤ ሥርዓት አለው፣ ምሥጢር አለው፣ ማንንም አያስቀይምም፤ በዕድሜ የገፋው የአካዳሚ አባል ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አድርጎ የሚጽፈው ፊልም ማለት ይህ ነው። በልጁ ስሌት ከሄድን ሽሮው «ኮንክሌቭ» ነው ማለት ነው።

የፕሮዲውሰሮቹና የዳይሬክተሮቹ ማኅበራት ተስማምተው የሳቱበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» ሁለቱንም ወስዶ በ«ሼክስፒር ኢን ላቭ» ተሸነፈ። «ብሮክባክ ማውንቴን» ሁለቱንም ወስዶ በ«ክራሽ» ተሸነፈ። «1917» ሁለቱንም ወስዶ በኮርያው «ፓራሳይት» ተሸነፈ። ሦስቱን አሸናፊዎች ምን ያገናኛቸዋል? ሦስቱም የተዋንያን ማኅበርን የቡድን ሽልማት ይዘው የመጡ ናቸው። ተዋንያን በአካዳሚው ውስጥ ትልቁ ክፍል ናቸው፤ ሽልማቱ ድምፅ ከተዘጋ በኋላ መሰጠቱ ማንንም እንዳላሳመነ ያሳያል እንጂ የተዋንያኑ ልብ ወዴት እንዳለ አይሰውርም። ዳይሬክተራቸው ሳይታጭ ያሸነፉም አሉ፤ «አርጎ»፣ «ግሪን ቡክ»፣ ራሱ የጠቀሰው «ኮዳ»ም ከእነርሱ መካከል ነው።

አዳልቼ ከሆነም አልደብቅም። የ«ኮንክሌቭ» ዋና ተዋናይ ሬፍ ፋይንስን መጀመሪያ ያየሁት በ«ሺንድለርስ ሊስት» ነው፤ ያኔ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ነበር የምናየው፤ ባለቤቱም የሚቀጥለው ሰልፍ ደጅ ስለሚጠብቅ ረጅም ፊልም ሲሆንበት ወደፊት እያስሮጠ ያሳየን ነበር። የፊልሙን መካከል ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው። (ሦስት ሰዓት ከ35 ደቂቃ የሚፈጀውን፣ በመካከሉም የ15 ደቂቃ ዕረፍት ያለውን «ዘ ብሩታሊስት»ን ያ ሰው ምን ያደርገው እንደነበር ሳስብ ሳቄ ይመጣል።) ፋይንስ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ታጭቶ ሁለት ጊዜም ባዶ እጁን ተመልሷል፤ ዘንድሮም እንደማይሰጡት አውቃለሁ። ቢያንስ ፊልሙ ያሸንፍለት።


የሆጤዋ (ደሴ)፣ የካቲት 19

ጋሼ ሸዋ በር፣ ስለ ምርጥ ፊልም ከእርስዎ ጋር አልከራከርም፤ ማንም ያልመለሰውን የተዋናይት ጥያቄ ግን ልመልስ።

ዴሚ ሙር ጎልደን ግሎብንም የተዋንያን ማኅበርንም አሸንፋለች። ከ30 ዓመት በፊት አንድ ፕሮዲውሰር «አንቺ የፈንዲሻ ተዋናይት ነሽ» ብሏት ቃሉን አምና እንደኖረች የተናገረችው ንግግር ብዙ ሰው አስለቅሷል፤ በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኗ ለኦስካር ስትታጭም ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የሚያሰጋኝ የታጨችበት «ዘ ሰብስታንስ» አስፈሪ ፊልም መሆኑ ነው፤ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1991 ኬቲ ቤትስን በ«ሚዘሪ» እንደሸለመ ባውቅም ለዚህ ዓይነት ፊልም እጁ ሁልጊዜ አጭር ነው። ሚኪ ማዲሰን ደግሞ ባፍታን ወሰደች፤ ባፍታ የተሰጠውም የኦስካር መራጮች ወረቀታቸውን ገና ሳይጨርሱ ነው። በ«አኖራ» መጨረሻ መኪና ውስጥ ያለውን ትዕይንት ያየ ሰው የ25 ዓመት ልጅ ያን ያህል ዝምታ ከየት እንዳመጣች ይገርመዋል። የእኔ ልብ የብራዚሏ ፈርናንዳ ቶሬስ ጋ ቢሆንም ለውርርድ ከሆነ ማዲሰን በሉ።

በወንዶቹ በኩል የምወደው አጋጣሚ አለ። ዘንድሮ በ«ዘ ብሩታሊስት» የታጨው አድሪያን ብሮዲ እ.ኤ.አ. በ2003 በ«ዘ ፒያኒስት» ሲያሸንፍ 29 ዓመቱ ነበርና በዘርፉ ከሁሉም በዕድሜ ትንሹ አሸናፊ ነው። አሁን የሚፎካከረው ቲሞቴ ሻላሜም 29 ዓመቱ ነው፤ ካሸነፈ የብሮዲን ሽልማት ብቻ ሳይሆን ክብረ ወሰኑንም በወራት ልዩነት ይወስድበታል። ሆኖም ብሮዲ የሚሸነፍ አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ የምከታተለው ግን «ፍሎው»ን ነው። አንዲት ድመትና ጥቂት እንስሳት በጎርፍ ውስጥ በጀልባ ይሄዳሉ፤ አንድም ቃል አይነገርም። እናቴም የእህቴ ሕፃን ልጅም እኩል ተመስጠው አዩት፤ «ምን አለ? ምን አለ?» የሚል ሰው ሳይኖር ፊልም ያየሁበት የመጀመሪያ ቀን ይህ ነው። የተሠራው ብሌንደር በሚባል ማንም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት በሚችል ሶፍትዌር ሲሆን የመጣውም ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን ከማይሞላ ላትቪያ ነው። በዚያ አገር ታሪክ ለኦስካር የታጨ ፊልም ከዚህ በፊት አልነበረም። በአኒሜሽን የሚፎካከረው «ዘ ዋይልድ ሮቦት» የትልቅ ስቱዲዮ ሥራ ነውና ብዙዎች ወደዚያ ያጋድላሉ፤ እኔ ግን «ፍሎው» ብያለሁ።

ይህን ስጽፍ የራሳችን ትዝ ይለኛል። በውጭ አገር ፊልሞች ዘርፍ እያንዳንዱ አገር አንድ ፊልም ብቻ ይልካል፤ ከዚያ 15 ይቀራሉ፣ ከ15ቱም አምስቱ ይታጫሉ። «ድፍረት» በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቶ ለ87ኛው ኦስካር ቢላክም ከአምስቱ አልገባም፤ በዚያው ዓመት የሞሪታንያው «ቲምቡክቱ» ግን ገባ። በዓመቱ የተላከው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ም በካን ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ የተካተተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኖ ሳለ አልታጨም። የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» በዘጋቢ ፊልም ከ15ቱ ዝርዝር ውስጥ ደርሶ ቀረ። አማርኛ ከዚያ መድረክ ሲሰማ ማየት እፈልጋለሁ፤ ይህን ግን በወረቀት መገመት አልችልም።


የሐረጎ መንገደኛ (ከደሴ ኮምቦልቻ ተመላላሽ)፣ የካቲት 20

ሁላችሁም ስለ አሸናፊው ትጽፋላችሁ፤ ሥነ ሥርዓቱ በእኛ አቆጣጠር ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንደሚጀምር ግን ማንም አላነሳም። ጨረቃ ከታየች ረመዳን ቅዳሜ ይገባልና እኔ በዚያ ሰዓት ለሱሁር መነሣቴ ስለማይቀር እግረ መንገዴን እየተከታተልሁ ውጤቱን እዚህ እጽፍላችኋለሁ። ግምቴም «አኖራ»፣ ማዲሰን፣ ብሮዲ ነው። ምክንያቱን ቦርከና ማዶና እህታችን ጽፈውልኛል።


ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፣ የካቲት 20

ጋሼ ሸዋ በር፣ በሦስቱ ምሳሌዎችዎ ተረትቼ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ከሦስቱ ሁለቱ ቆጠራው በነጠላ ምርጫ ይካሄድ በነበረበት ዘመን የሆኑ ናቸው። በቅደም ተከተል መምረጥ የተመለሰው እጩዎቹ ከአምስት ወደ አሥር ካደጉበት ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። «ፓራሳይት» ብቻ ይቀርዎታል፤ እርሱም እንደ «አኖራ» የካን ፌስቲቫልን ዋና ሽልማት ፓልም ዶርን ይዞ የመጣ ፊልም ነበርና ምስክርነቱ ለእኔም ይሆናል።


ሸዋ በር (ደሴ)፣ የካቲት 20

ልጄ፣ ይህን አላሰብሁትም ነበር። ሆኖም ቃሌን አላጥፍም፤ «ኮንክሌቭ»።


የሐረጎ መንገደኛ፣ የካቲት 24፣ ማለዳ

ሱሁር ስበላ «ፍሎው» አሸነፈ፤ እህታችን እንኳን ደስ አለሽ። ከዚያ ፈጅር ሰግጄ ብመለስም ፕሮግራሙ አላለቀም። ብሮዲ አሸንፎ ሙዚቃው እንዲቆምለት ጠይቆ ብዙ ተናገረ። ምርጥ ፊልም የተነገረው ጠዋት 1 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ «አኖራ»። በጠቅላላው አምስት ወሰደ፤ ከእነዚህ አራቱን ሾን ቤከር ራሱ ተቀበለ። ማዲሰንም አሸነፈች። በውጭ አገር ፊልም የብራዚሉ «አይም ስቲል ሂር» ሲያሸንፍ «ኮንክሌቭ» ከልቦለድ ለተቀዳ የፊልም ድርሰት አንድ ብቻ አግኝቷል።


የጦሳ ሥር ተመልካች፣ የካቲት 24

ጋሼ ሸዋ በር፣ የቪዲዮ ቤቱ ታሪክዎ ልቤን ነክቶት እሑድ ማታ በመጨረሻው ሰዓት «ኮንክሌቭ» ብዬ ጻፍሁ፤ ዴሚ ሙርንም ጨመርሁበት። ከአምስታችን ብዙ የሳትሁት እኔ ነኝና ሒሳቡ የእኔ ነው።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። ሦስታችን ዐቢይ ጾም ይዘናል፤ ሁለቱ ደግሞ ረመዳን ይጾማሉ። ስለዚህ ክፍያው ከመግሪብ በኋላ እንዲሆን፣ በማኪያቶ ፋንታም ሻይ እንዲሆን ተስማምተናል፤ ከሻዩ ጋር አምስታችንንም የማያስገድፈው የምስር ሳንቡሳ ሆኖ ተገኝቷል። ቦርከና ማዶና የሐረጎ መንገደኛ ከኮምቦልቻ መውጣት ከቻላችሁ፣ ጋሼና እህታችንም ከመጣችሁ፣ ሳንቡሳውን ጨምሬ አዝዛለሁ፤ ቀኑን ብቻ አስቀድማችሁ ንገሩኝ።