በቼዝ የሲሲሊያን መከላከያ ቀድሞ የሚገፋው የትኛው የጥቁር ወታደር ነው?

ባለ ጥቁሩ፦ ክርክሩን እኔ ልክፈተው። ፊደልና ቁጥሩ የሚኬድበትን ካሬ ይነግራል፤ የሌላ ጠጠር ስም ካልተጠራ የሚገፋው ወታደር ነው። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ሲ5፤ ፈረስ ኤፍ3፣ ዲ6፤ ዲ4፣ ጥቁር ይበላል፣ ፈረሱም መልሶ ይበላል፤ ከዚያ ፈረስ ኤፍ6፣ ፈረስ ሲ3። አምስተኛው የጥቁር እርምጃ ምን ይሁን? እኔ ኢ6 እላለሁ፤ ስኬቨኒንገን የሚባለውን። እናንተ ግን በተጫዋቹ በናይዶርፍ ስም የሚጠራውን ኤ6 ማስቀደም እንደ ሕግ ይዛችሁታል። ሁለቱም ወታደሮች መገፋታቸው ካልቀረ ቅደም ተከተሉ ምን ያህል ያጣላል?

ፈረስ ወዳድ፦ በጣም ያጣላል እንጂ! ኢ6 ስትል በሲ8 የቆመውን ጳጳስህን በር ዘጋህበት። ነጭ ወዲያው በስድስተኛ እርምጃው ጂ4 ይላል። ወታደሩን በፈረስህ ብትበላ ንግሥቲቱ ፈረሱን ትወስድብሃለች። ኤ6 ብለህ ቢሆን ኖሮ ጳጳሱ ጂ4ን እያየ ስለሚቆይ ያ ወታደር በነፃ ይበላ ነበር። ፖል ኬሬስ ይህን ጥቃት እ.ኤ.አ. በ1943 ሳልዝበርግ ላይ በቦጎልዩቦቭ ላይ ያመጣው ይህን አይቶ ነው።

አሰልጣኙ፦ ካስፓሮቭንም አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1984 ከካርፖቭ ጋር በጀመረው የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያ ጨዋታ ኢ6 አስቀደመ፤ ካርፖቭም ጂ4 አለ። ጨዋታው በአቻ ቢያልቅም በ1985ቱ ግጥሚያቸው በወሳኙ 24ኛ ጨዋታ ካስፓሮቭ ኤ6 አስቀድሞ፣ ነጭ ጳጳሱን ወደ ኢ2 ካወጣ በኋላ ነው ኢ6 ያለው። አሸንፎም ሻምፒዮን ሆነ።

ባለ ጥቁሩ፦ አሰልጣኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ግማሹን ነው የነገሩን። በዚያው 24ኛ ጨዋታ ካርፖቭ በ15ኛው እርምጃ ጂ4 ብሏል። ወታደሩ መምጣቱ አልቀረም።

አሰልጣኙ፦ መጣ፤ ግን መቼ? የጥቁር ንጉሥ ጥግ ይዞ ከተጠለለ፣ ግንቦቹም ቦታቸውን ከያዙ በኋላ። በስድስተኛውና በ15ኛው መካከል ያለው ልዩነት እኮ የክርክሩ ሁሉ ፍሬ ነው።

ጀማሪ፦ እኔ ግን ኤ6 አስቀድሜ የምሸነፈው በጂ4 አይደለም። ነጭ ጳጳሱን ወደ ጂ5 ያወጣል፤ እኔ ኢ6፣ እሱ ኤፍ4፣ ከዚያ ንግሥቴን ወደ ቢ6 አውጥቼ የቢ2ን ወታደር እበላለሁ። መርዛማ የተባለውን ወታደር! ከዚያ ወዲያ ንግሥቴ መውጫ ስታጣ አያለሁ።

ባለ ጥቁሩ፦ ይኸው! ፊሸር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1972 ሬይክያቪክ ላይ በዓለም ሻምፒዮናው 11ኛ ጨዋታ በዚህ መስመር በስፓስኪ ተሸንፏል። ከጂ4 ሸሽታችሁ ወደ ባሰ የሽምደዳ ባሕር ትገባላችሁ።

ፈረስ ወዳድ፦ ቢ2ን ብላ ብሎ ያስገደደው አለ? ጳጳሱን ወደ ኢ7 ማውጣት ይቻላል።

አሰልጣኙ፦ ለፍትሕ ያህል ለባለ ጥቁሩ አንድ ልጨምርለት። ከኤ6 በኋላም ነጭ በኤች3 ጂ4ን ማዘጋጀት ይችላል። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1962 ቫርና ላይ በዚሁ ያሸነፈው ራሱን ናይዶርፍን ነው። ሆኖም ነጭ አንድ እርምጃ አወጣበት፤ ጥቁርም በዚያ ፋታ ኢ5 ማለት ይችላል። ኢ6 ላስቀደመ ሰው ይህ ፋታ የለም።

ባለ ጥቁሩ፦ ፋታ አልፈልግም። ጂ4 ሲባል ኤች6 እላለሁ፤ ንጉሤም መሐል ላይ ይቆያል። ያላመነ ነጭ ይዞ ይምጣ።

ፈረስ ወዳድ፦ መጣሁ። ኤች4።