«አልማዝ» ስንል ምን ቀለም እያሰብን ነው?

ቀለሟ፦
ጤና ይስጥልኝ። አንድ ጽሑፍ ስተረጉም ቃል ያዘኝ። ስለ ጥሬ አልማዝ ነው፤ ገና ስላልተቆረጠው። «ቡናማ አልማዝ» ብዬ ብጽፍ አርታኢዬ «ቡናማ ከሆነማ ምኑን አልማዝ ሆነ?» ብላ አሰመረችበት። እኔም ተጠራጠርኩ። በእኛ አማርኛ አልማዝ የጠራ፣ የሚያብለጨልጭ አይደል እንዴ?

ፊደል ለቃሚ፦
አርታኢሽ ያየችው የቀለበቱን ነው። ከመሬት የሚወጣው አብዛኛው ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ ያደላል። ጥሬው ደግሞ አያብለጨልጭም፤ ቅባት እንደነካው የእጣን ፍሬ ደብዘዝ ያለ ነው። በ1867 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ፣ ሆፕታውን አጠገብ የተገኘው «ዩሬካ» 21.25 ካራት የሚመዝን ቢጫ ድንጋይ ነበር። ልጆች ከሌላ ጠጠር ጋር ቀላቅለው ይጫወቱበት ነበር። ቅልብልቦሽ በይው።

ቃሉም ቢሆን ስለ ብልጭታ አያወራም። የግሪኩ «አዳማስ» የማይበገር ማለት ነው። በዓረብኛ «አልማስ» ሆኖ እኛ ዘንድ ደረሰ።

መስታወት ቤት፦
ጋሽ ፊደል ለቃሚ ልክ ነዎት። እኛ ሥራ ቤት አልማዝ ማለት መስታወት መቁረጫው ነው። «አልማዙን አቀብለኝ» ሲባል ቀለበት የሚያስብ የለም። የድሮው ጫፍ ላይ ያለችው ፍንጣሪ ከጤፍ ብዙም አትበልጥም፤ ቀለሟን ማን ያያል!

ቀለሟ፦
ቢጫውስ ከየት መጣ ጋሼ? ቆሻሻ ነው?

ፊደል ለቃሚ፦
ቆሻሻ አትበይው፣ ባዕድ ነገር በይው። አልማዝ ካርቦን ነው። ናይትሮጅን ሲገባበት ቢጫ ይሆናል። ቦሮን ሲገባበት ሰማያዊ፤ ዋሽንግተን፣ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ያለው 45.52 ካራቱ «ሆፕ» እንዲህ ነው። ቡናማው ግን በአብዛኛው የገባበት ነገር የለም። ምድር ውስጥ ሳለ ጫና አጣሞት፣ የአተሞቹ ድርድር ተዛንፎ ነው።

እኔን የሚገርመኝ አረንጓዴው ነው። ጨረር ካለው ማዕድን ጎን ብዙ ዘመን ተኝቶ ነው የሚቀለመው። ብዙ ጊዜ ታዲያ ቆዳው ብቻ ነው። ቆራጩ ሞርዶ ሲገፈው አረንጓዴው አብሮ ይሄዳል። የዚያን ሰውዬ ፊት ማየት ነበር!

ነጋዴዎቹም የራሳቸው ቃል አላቸው። ፈዘዝ ያለውን ቢጫ «ኬፕ» ይሉታል፤ ከደቡብ አፍሪካው ኬፕ ነው ስሙ። «ካርቦናዶ» የሚሉት ጥቁሩ በፖርቱጋልኛ የከሰለ እንደማለት ነው። ቡናማው ግን ስም እስኪወጣለት ብዙ ፈላጊ አልነበረውም። በ2020 የተዘጋው የአውስትራሊያው አርጋይል ማዕድን «ሻምፓኝ»ና «ኮኛክ» እያለ ሸጠው። ያው ቡናማ ነው እንግዲህ።

ሰምና ወርቅ፦
ሻምፓኝ ከምትሉት «ጠይም አልማዝ» በሉት። አልማዝ የምትባል ጠይም ሴት የሌለችበት ሠፈር የት አለ?

ቀለሟ፦
ይሄን ለአርታኢዬ እልካለሁ 😄 «ነጭ አልማዝ» የሚለውንስ ልተወው?

ፊደል ለቃሚ፦
ነጭ ወተት ነው። የቀለበቱን «ቀለም አልባ» በይው።

ሰምና ወርቅ፦
ቀይ ለምትፈልጉ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ አለችላችሁ፣ ያቺ ጎን ላይ እንደ መቀነት የምትወጣው የምታቃጥል ሽፍታ። ባለፈው ክረምት እናቴን ይዛት ነበር። ውጭ አገር ላደገችው የእህቴ ልጅ በስልክ «አያትሽ ላይ አልማዝ ወጣባት» ብላት፣ «ስንት ካራት?» አለችኝ።