አስቸኳይ፦ የታክሲ መጥሪያ አፑ ዳታቤዝ ላይ የምፈልገው ሌሊት ጉዞ የለም

ቀለበት (ጠያቂ)፦ እባካችሁ ድረሱልኝ፣ ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ይፈለጋል። የአንድ ተጠርጣሪ ስልክ ላይ ያለ የታክሲ መጥሪያ አፕ እየመረመርኩ ነው። ዳታቤዙን አውጥቼ ከፈትኩት። የቆዩት ጉዞዎች አሉ። የተፈለገው ሌሊት ግን የለም። ሰውየው አጥፍቶታል ብዬ ልጻፍ? ደግሞ አንዱ ሠንጠረዥ ላይ ቀኖቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. 1994 አካባቢ ናቸው።

ሰሚር፦ በሌላ ሶፍትዌር ክፈተው።

አንበሶ፦ በ1994 በአፕ ታክሲ የጠራ ሰው ከሆነ፣ አትክሰሱት፣ ሸልሙት።

መምህር፦ ከሁሉ በፊት መሠረቱን እንያዝ። ስልኩ እንደተያዘ ከኔትወርክ ተለይቷል? ካልተለየ ከርቀት ሊጠፋ ይችላል። ማን ከማን ተረከበ? ኢሜጁ (የስልኩ ሙሉ ቅጂ) ሃሽ፣ ማለትም እንዳልተነካ የሚያሳይ የቁጥር አሻራ፣ አለው? እናንተ ልጆች እኮ ፋይል ለመክፈት ትቸኩላላችሁ፣ ፍርድ ቤት ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

አንበሶ፦ ጋሼ፣ ልጁ እየተቃጠለ ነው እኮ።

ሰሚር፦ ሌላ ሶፍትዌር ሞክር ብያለሁ። ካልሆነ አፑን አጥፍተህ እንደገና ጫነው።

ገመድ ፈቺ፦ በጭራሽ እንዳትጭነው! ማስረጃውን በገዛ እጅህ ታጠፋለህ።

ቀለበት፣ ያወጣኸው ዋናውን ፋይል ብቻ ነው? ብዙ አፖች ኤስኪውላይትን (መረጃ የሚያስቀምጡበትን የዳታቤዝ ሶፍትዌር) የሚጠቀሙት በዋል (WAL) ዘዴ ነው። አዲስ ነገር ቀጥታ ዋናው ላይ አይጻፍም፣ መጀመሪያ አጠገቡ ያለ ፋይል ላይ ያርፋል። የፋይሉ ስም የዳታቤዙ ስም ራሱ ነው፣ ጫፉ ላይ ጭረትና «ዋል» ተጨምሮበት። ካልቀየሩት በስተቀር 1000 ገጽ (የዳታቤዙ ማከማቻ ክፍልፋይ) ገደማ ሲሞላ ወደ ዋናው ይገለበጣል። የመጨረሻዎቹ ጉዞዎች እዚያ ተኝተው ሊሆን ይችላል። ወደ ኢሜጁ ተመለስና አጠገቡ ያሉትን ሁሉ አንድ ላይ ቅዳ። አንዱን ቅጂ አትንካው። በተራ መክፈቻ ከፍተህ ስትዘጋው ዋሉ ከዋናው ጋር ተዋህዶ ይጠፋል፣ አብረውት የነበሩት የሠንጠረዡ መስመሮች የቆዩ ቅጂዎችም ይሄዳሉ።

ስልኩ አይፎን ነው አይደል? ሠንጠረዡ ላይ ቀኑ የተቀመጠው በሰከንድ ብዛት ነው፤ ሰከንዱ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2001 ነው፣ አንተ ከ1970 ቆጥረኸዋል። የሁለቱን ልዩነት፣ 978307200 ሰከንድ፣ ደምርበት።

ቀለበት፦ አዎ አይፎን ነው። ደመርኩት፣ ቀኖቹ ልክ መጡ! ዋሉም ኢሜጁ ላይ አለ፣ ባዶ አይደለም። ልቅዳና እመለሳለሁ።

ሕሊና፦ እኔ ከጥያቄው ጋር ነው ጠቤ። ጉዞው የግድ ስልኩ ላይ ይኖራል ያለህ ማን ነው? ሙሉው መዝገብ ያለው ድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው። ስልኩ የሚይዘው አፑ በጊዜው ያወረደለትን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰውየው የጉዞ ታሪክ ገጹን ከዚያ ወዲህ ካልከፈተው የጉዞው መስመር ስልኩ ላይ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ «አልተገኘም» በል እንጂ «አጠፋው» አትበል። ለድርጅቱም በሕግ መንገድ ጥያቄ ይላክ።

ሰሚር፦ ሌላውን ሶፍትዌር ሞከርከው?

ሕሊና፦ ቀለበት፣ ጉዞውን ብታገኘውም አትቸኩል። ታክሲ ተጠራ ማለት ሰውየው ተሳፈረ ማለት አይደለም። ለሌላ ሰው ጠርቶ ሊሆን ይችላል። መነሻውም ካርታው ላይ በጣት የተመረጠ እንጂ ስልኩ የቆመበት ላይሆን ይችላል። ስልኩ ራሱ ከመዘገበው የአካባቢ መረጃ ጋር አስተያየው። ሰዓቱም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ ሳትቀይረው ሪፖርቱ ላይ እንዳትለጥፈው፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑ ራሱ ይዞርብሃል።