ከ17 ዓመቱ ተከላካይ ምን እንጠብቅ? የሆኪ ደጋፊዎች ክርክር

ከግራንድ ፎርክስ

ይህን የምጽፈው የ2025–26 ውድድር ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። ኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ለ2025–26 የበረዶ ሆኪ ውድድር ኪተን ቬርሆፍን ካገኘ ወዲህ ከተማው የሚያወራው ስለ እርሱ ብቻ ነው። ልጁ 17 ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት ለቪክቶሪያ ሮያልስ ተሰልፎ በካናዳው ዌስተርን ሆኪ ሊግ 21 ጎል አግብቷል። ለተከላካይ፣ ያውም ለ16 ዓመት ልጅ፣ ይህ የሚያስደንቅ ነው። በ2026 የኤንኤችኤል ድራፍት፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካው ዋና የሆኪ ሊግ ቡድኖች ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆኖ እንደሚመረጥም በሰፊው ይጠበቃል።

የተጠማነው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ስምንት ጊዜ የኮሌጆችን ብሔራዊ ዋንጫ ያነሳ ቡድን ከ2016 ወዲህ አላነሳም፤ ባለፈው ዓመት ደግሞ ወደ ብሔራዊው ውድድር እንኳ ሳይገባ ቀርቶ አሠልጣኙ ብራድ ቤሪ ተሰናብተው ዴን ጃክሰን ተተኩ። ይህን ሁሉ ዕዳ ግን አንድ ወጣት ላይ መጫን አይገባም። በእኔ እምነት ከቬርሆፍ መጠበቅ ያለብን ጎል ሳይሆን ኳሱን፣ ማለትም ያችን ጥቁር የጎማ ፐክ፣ ከራሳችን ክልል በንጽሕና ማውጣትን ነው።

ነገሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ተጋጣሚው ፐኩን ከግባችን ጀርባ ይወረውርና ሁለት አጥቂዎች ተንደርድረው ይመጣሉ። ተከላካዩ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። እዚያ ከመድረሱ በፊት አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ትከሻው ዞር ብሎ ማየት አለበት፤ ማን ቀረበው? የራሱ ሰው የት ቆሟል? አይቶ ከሄደ በአንድ ቅብብል ቡድኑን ያስወጣል። ሳያይ ከሄደ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል፣ ፐኩም ግባችን ፊት ይወድቃል። በኮሌጅ ሆኪ ደግሞ የሚገፋው 23 እና 24 ዓመት የሞላው ጎልማሳ ነው።

ከሴንት ፖል

ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሃል፤ ነገር ግን ክርክሩ ከሥሩ ይጀምር። ይህ ተጫዋች በየትኛው በር ገባ? እስከ ትናንት ድረስ በካናዳ ሆኪ ሊግ፣ ዌስተርን ሊግን ጨምሮ፣ የተጫወተ ወጣት የኪስ ገንዘብ ስለሚቀበልና የኤንኤችኤል ውል ከፈረሙ ልጆች ጋር ስለሚሰለፍ እንደ ባለሙያ ይቆጠር ነበር፤ በኮሌጅ መጫወትም አይችልም ነበር። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ በኖቬምበር 2024 ደንቡን ለወጠ፣ ከኦገስት 2025 ጀምሮም በሩ ተከፈተ። ከዚሁ ጋር የፍርድ ቤቱ ስምምነት መጣና ለተጫዋቾች ገቢ የሚያካፍሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሆኪ ቡድናቸው ከ26 ሰው እንዳይበልጥ ተገደበ። መግባት የሚፈልገው ሰው በዛ፣ ወንበሩ አልጨመረም።

የእኔ ልጅ እዚህ ሚኒሶታ ለትምህርት ቤቱ በተከላካይነት ይጫወታል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ በረዶ ሜዳው አድርሼው ወደ ሥራ እሄዳለሁ። የጫማው፣ የዱላው፣ የሜዳው ክፍያ ቤታችንን ምን ያህል እንደሚከብደው እኔና እናቱ እናውቃለን። እናንተ ስለ አንድ ባለተሰጥኦ ስትደሰቱ እኔ በእርሱ ምክንያት ቦታ ያጣውን የ19 ዓመት ልጅ አስባለሁ። ያ ልጅ ኤንኤችኤል አይገባ ይሆናል፤ ዲግሪውን ግን ይዞ ይወጣ ነበር።

ከኤድመንተን

ጋሼ፣ የአባት ጭንቀትዎን አከብራለሁ። ግን የዚያኛውን ወገን ቤተሰብም ያስቡ። ቬርሆፍ የዚህ አካባቢ ልጅ ነው፤ ፎርት ሳስካችዋን ከእኛ ብዙም አይርቅም። በድሮው ደንብ የአልበርታ ልጅ ገና በ15 እና በ16 ዓመቱ ዕድሜ ልኩን የሚወስን ምርጫ ይቀርብለት ነበር፦ ወይ ጠንካራውን ሊግ፣ ወይ ኮሌጁን። በጠንካራው ሊግ ከተጫወተ ኮሌጅ ተዘጋበት። ታዋቂው ተከላካይ ኬል ማካር እንኳ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሲል ዝቅ ባለው የአልበርታ ሊግ፣ በብሩክስ ከተማ ቡድን ነው የቆየው። ልጅን እንዲህ ማስጨነቅ ፍትሕ አልነበረም።

የግራንድ ፎርክሱ ወንድሜ፣ አንተም ልክ ያልሆንክበት ቦታ አለ። «ጎል አትጠብቁ» ያልከው የዛሬውን ሆኪ አይመስልም። ማሳቹሴትስ ማካር ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት አምስት ጨዋታ ብቻ ነበር ያሸነፈው። በ2019 ማካር በ41 ጨዋታ 49 ነጥብ (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) አስመዝግቦ ለኮሌጅ ሆኪ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሆቢ ቤከርን ሽልማት ወሰደ፣ ቡድኑም ለዋንጫ ደረሰ። ማጥቃቱ የሚጀመረው ከእርሱ ዱላ ነበር። ቬርሆፍም ቁመቱ የረዘመ፣ በቀኝ እጁ የሚመታ ተከላካይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሁሉም ቡድን ይፈልጋል፣ የሚያገኘው ግን ጥቂቱ ነው። ተጋጣሚ በቅጣት ሰው ሲጎድልበት የተጋጣሚው ክልል በሚጀምርበት በሰማያዊው መስመር ላይ አቁሙትና ይምታ!

ከግራንድ ፎርክስ

ምሳሌህን እቀበላለሁ፤ እስከ መጨረሻው ግን እንከተለው። ማሳቹሴትስ ያን የ2019 ፍጻሜ በሚኒሶታ ዱሉት 3 ለ 0 ተሸነፈ። ዋንጫውን ያነሳው በ2021 ነው፤ ማካር ከሄደ በኋላ። ሚሺጋንም በ2022 ከድራፍቱ የመጀመሪያ አምስት ምርጦች አራቱን ይዞ፣ ሁለቱ ኦወን ፓወርና ሉክ ሂውዝ የተባሉ ተከላካዮች ሆነው፣ ከግማሽ ፍጻሜ አላለፈም።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

ያን ሚሺጋን በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ያሰናበተው የእኛው ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ እኔም ልግባበት። በ2024 ዋንጫ ስናነሳ ዜቭ ቡየም የ18 ዓመት አዲስ ገቢ ተከላካይ ነበር፤ በዚያ ዓመት 50 ነጥብ አስመዝግቧል። ስለዚህ ወጣት ተከላካይ ይዞ ዋንጫ አይነሳም የሚል ካለ አልስማማም።

ግን ቡየምን ያስቻለው ምን ነበር? ቢሳሳት የሚያርም አንጋፋ አጠገቡ ነበረው፤ ከኋላው ደግሞ በፍጻሜው ቦስተን ኮሌጅ አንድም ጎል እንዳያገባ የከለከለው ግብ ጠባቂ ማት ዴቪስ ቆሞ ነበር። ልጁ ድፍረት ያገኘው ከዚያ ነው። የእናንተ ጥያቄ መሆን ያለበት «ቬርሆፍ ስንት ያገባል?» ሳይሆን «ከማን ጋር ይሰለፋል?» የሚል ነው። በግራ በኩል የሦስተኛ ወይም የአራተኛ ዓመት ተማሪ፣ ረጋ ያለ፣ ወደ ፊት የማይቸኩል ሰው ስጡት። ያን ጊዜ እርሱ ሲወጣ በሩ ባዶ አይቀርም።

ሌላም ነገር አለ። በዌስተርን ሊግ በመደበኛው ወቅት 68 ጨዋታ ይደረጋል፤ ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ኮሌጅ የሚጫወተው ግማሽ ያህሉን ነው፣ አብዛኛውንም አርብና ቅዳሜ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ልምምድና የክብደት ክፍል አለ። ገና ሰውነቱ ላልጠነከረ ተከላካይ ይህ ጊዜ ትልቅ ሀብት ነው። ኮሌጅን የመረጡት ልጆች ሞኞች አይደሉም።

ከሴንት ፖል

ልጄ፣ ስለ ክብደት ክፍሉ የተናገርሽው እውነት ነው። እኔም የምፈራው እርሱን ነው፤ አጠንክረነው ስናበቃ ይሄዳል። የእናንተው ተከላካይ የነበረው ጄክ ሳንደርሰን እንኳ ሁለት ዓመት ነበር የቆየው። እርሱ በቡድኑ ውስጥ በነበረበት በ2021፣ ፋርጎ ላይ ከሚኒሶታ ዱሉት ጋር የተደረገው ጨዋታ አምስት ጊዜ በጭማሪ ሰዓት ቀጥሎ ከ142 ደቂቃ በኋላ 3 ለ 2 እንደተሸነፋችሁ የማይረሳ የለም። እንዲያ ባለ ሌሊት የሚያስፈልገው ባለ ብዙ ጎል ኮከብ አይደለም፤ ለአራት ዓመት አብሮ የቆየ፣ እግሩ ዝሎ እንኳ ቦታውን የማይለቅ ቡድን ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከ26ቱ ቦታ ጥቂቱን ለየግዛታቸው ልጆች ቢያስቀሩ ምን ይጎድልባቸዋል?

ከግራንድ ፎርክስ

ጋሼ፣ ስለ አራት ዓመቱ ተጫዋች በፍጹም እስማማለሁ፤ ለዚህም ነው እኔም እንደ ኦሮራዋ ጸሐፊ ቬርሆፍ ከእንዲህ ያለ ሰው ጎን ይሰለፍ የምለው። በኮታው ግን አልስማማም። ኖርዝ ዳኮታ የሕዝቧ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ይህ ቡድን ከሚኒሶታም ከካናዳም ልጆች እየመጡለት ነው ስምንት ዋንጫ ያነሳው። በትውልድ ቦታ ይመደብ ቢባል በሩ መጀመሪያ የሚዘጋው ከግዛት ወጥቶ ወደ እኛ መምጣት በሚፈልገው በእርስዎ ልጅ ላይ ነው።

ከኤድመንተን

ቬርሆፍ ከአንጋፋ ጎን ይሰለፍ በሚለው እኔም እስማማለሁ። ከመጀመሪያዋ ምሽት ጀምሮ ግን በመጀመሪያው ጥንድ፣ ማለትም ብዙ በሚሰለፉት ሁለት ተከላካዮች ውስጥ፣ ይግባ፤ እስከ ታኅሣሥ በሦስተኛው ጥንድ ማቆየት ጊዜ ማባከን ነው።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

በሁለተኛው ጥንድ ይጀምር። ከግቡ ጀርባ ዞር ብሎ ማየቱን በሁለት ወር ውስጥ ካሳየ አሠልጣኙ ራሳቸው ከፍ ያደርጉታል።